ለእትዬ ቦጋለች ቤት የሚበቃ አሸንዳ

ሞላሌ ላይ ሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ወዳጆ ግን ከቤቱ ይወጣል። በርኖሱን ደርቦ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ «አሸንዳ ሥራልኝ» ያለው ሰው ቤት ድረስ ይሄድና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይቆማል። ዝናቡ ይወርድበታል፤ እሱ ባልዲውን አንዴ ከዚህ ጥግ፣ አንዴ ከዚያ ጥግ እያስቀመጠ ውሃው የት ጋ እንደሚበረታ፣ የት ጋ እንደሚሳሳ ያያል። የቤቱ ባለቤት በበሩ ብቅ ብሎ «ኧረ ግባ፣ ብርዱ ይገድልሃል» ቢለው፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይልና እዚያው ይቆያል። ወደ ሱቁ የሚመለሰው በርኖሱ በውሃ ከብዶ፣ ጺሙ እየተንጠባጠበ ነው። ላሜራ ላይ መቀስ የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው።

የከተማው ቀልደኞች «ዝናብ መዛኙ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ባለችው ሱቁ ደጃፍ ሲያልፉ «ወዳጆ፣ የትናንቱ ስንት ኪሎ ወጣው?» ይሉታል። እሱም ከመዶሻው ቀና ሳይል «ያንተን ጣሪያ የሚበቃውን ያህል» ይላል። ይሳቁ እንግዲህ። ከሳቂዎቹ መካከል የእሱን እጅ ሥራ ቤቱ ላይ ያልሰቀለ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም።

ወዳጆ በትውልዱ ቤት ከዳኝ ነው። አባቱ በመንዝ ስማቸው የተጠራ የጓሳ ሣር ከዳኝ ነበሩ፤ እሱም ከእሳቸው ጋር ከጣሪያ ጣሪያ ሲወጣና ሲወርድ ነው ጎልማሳ የሆነው። ጓሳ ጨዋ ነው። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፤ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው የተረፈውን በቀስታ የሚያንጠባጥበው። በረዶ ሲወርድበትም ተሸክሞት ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲነካው እያቀለጠ ይለቀዋል። ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ከሰማይ የተቀበለውን ሁሉ በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ሥር ይዘረግፈዋል።

ሰው ጓሳውን እያወረደ ቆርቆሮ ሲያለብስ የወዳጆ ሥራ ብን ብሎ ጠፋ። ሌላው ቢሆን ጠላ ቤት ተቀምጦ ዘመኑን ሲረግም ይውል ነበር። እሱ እኩዮቹ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ደብረ ብርሃን ሄዶ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ተቀጠረ። በልጁ ዕድሜ ያለ ሰው «እንዲህ እጠፈው፣ እንዲያ በይደው» እያለ ሲያዘው እሺ ብሎ ተማረ። ይህ ለመንዝ ሰው፣ ያውም ስም ላለው ጎልማሳ፣ እንዲህ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ተመልሶ ሞላሌ ላይ ሱቅ ሲከፍት ባለቤቱ እየሩስ «ከጣሪያ ላይ ወርደህ ከጣሪያ ሥር ገባህ» ብላ አሾፈችበት፤ የመጀመሪያውን አሸንዳ ግን ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም፣ የራሷ ቤት ላይ አሰቀለችው።

ወደ ሱቁ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረው የግድግዳውን ርዝመት ነው። ገመድ የሚገዛ ይመስል «ይህን ያህል ሜትር ቁረጥልኝ» ይላል። ወዳጆ ደግሞ «ጣሪያህስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የአሸንዳ ስፋት የሚወሰነው በግድግዳው ርዝመት ሳይሆን ከበስተኋላው በተኛው ጣሪያ ነው። ቁልቁለቱ የበዛ ጣሪያ ውሃውን እያንደረደረ ያመጣዋል፤ ሁለት ጣሪያ ተጋጥሞ አንድ ቦታ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የሁለት ቤት ዝናብ በአንድ አፍ ይመጣል። በየሱቁ የሚሸጠው ጠባቡ አሸንዳ ለበረንዳ ይበቃ ይሆናል፤ ለትልቅ ቤት ግን ጌጥ ነው። መውረጃ ቱቦውም እንደዚያው። ሰፊ አሸንዳ ሰቅሎ ቀጭን ቱቦ መግጠም በድስት ሙሉ የቀዱትን ውሃ በጠርሙስ አፍ ለማፍሰስ መሞከር ነው። ይህን ለስንቱ ሰው እንዳስረዳ እሱና እግዚአብሔር ያውቁታል፤ ሆኖም ራሱም አንድ ጊዜ፣ ይህን ሁሉ እያወቀ፣ በሰው ፍቅር ተሸነፈ።

ነገሩ የእትዬ ቦጋለች ቤት ነው። እትዬ ቦጋለች ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው፤ ከከተማው በላይ በኩል፣ ዳገቱ ጥግ ላይ ባለች የድንጋይ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው መኳንንት ደብረ ብርሃን ይኖራል፤ ከዚያ እስከ መሐል ሜዳ ሚኒባስ ይነዳል። ሲያልፍም ሲያገድምም እናቱን ሳያይ አይሄድም። ካቻምና እናቱን ደስ ላሰኝ ብሎ ያረጀውን ጓሳ አስወርዶ ቆርቆሮ አለበሰላቸው። ደስ አላቸው፣ መረቁት። ክረምቱ ሲገባ ግን የጣሪያው ውሃ ሁሉ ከጓሮው ግድግዳ ሥር እየወረደ፣ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘውን ጭቃ እያጠበ መውሰድ ጀመረ። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ሆድ አወጣ።

መኳንንት ያንን ሆድ ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ለእናቱም ቁርጡን ነገራቸው፤ ይህ ግድግዳ ለመጪው ክረምት መላ ካልተበጀለት እሳቸውን አሳፍሮ ደብረ ብርሃን ይወስዳቸዋል። ልጅ ሆኖ ይህን ባይል ነበር የሚያስገርመው። እትዬ ቦጋለች ግን ደብረ ብርሃን የሚለውን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ምራታቸው ክፉ ሆና አይደለም፤ ደግ ናት፣ እንደ እናት ነው የምታያቸው። ለእየሩስ የነገሯት ግን ሌላ ነው። «እዚያ ብሄድ ያዝኑልኛል፣ ያበሉኛል፣ ያስተኙኛል። ድስት ከፍቼ ጨው አነሰው የምልበት ቤት ግን አይኖረኝም» አሏት። እየሩስም ማታ ለባሏ ነገረችው። ወዳጆ በበነጋታው የበልግ ዝናብ ሲያጉረመርም ባልዲውን አንሥቶ ዳገቱን ወጣ።

ከጓሮው ጠርዝ ሥር ቆሞ ያየው ነገር የጠበቀው ነበር። የዋናው ቤት ጣሪያና የማድ ቤቱ ጣሪያ ጓሮ ላይ ተጋጥመዋል፤ የሁለቱም ውሃ ተጠራቅሞ የሚወርደው ሆድ ባወጣው ግድግዳ ላይ ነው። ሱቁ ገብቶ በሕይወቱ ሠርቶ የማያውቀውን ሰፊ አሸንዳ አጠፈ። ጎረቤቶች ሲጭነው አይተው «ወዳጆ፣ ይህ የከብት ገንዳ ነው ወይስ አሸንዳ?» አሉት። በዚህ አልተናደደም፤ ስፋቱን እርግጠኛ ነበርና።

የተቸገረው በቱቦው ነው። እትዬ ቦጋለች ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ውሃ የሚቀዱት ደግሞ ከታች ከምንጩ ነው። አሸንዳ ሊሰቀል መሆኑን ሲሰሙ በርሜል አስገዙ፤ ወዳጆንም ሁለት ነገር ለመኑት። አንደኛው፣ ጠብታ ወደ ውጭ እንዳትባክን የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከፍ ይበል አሉት። ሁለተኛው፣ ውሃው ሳይረጭ በርሜሉ አፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ቱቦው ቀጭን ይሁን፣ አንድ ብቻም ይሁን አሉት። ወዳጆ ቱቦው መስፋት አለበት ብሎ ተከራከረ። እሳቸው «አንተ ደግሞ ሁሉን ማስፋት ትወዳለህ» ብለው ሳቁበት። ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ያንን ዳገት ሲወጡ፣ መሀል ላይ ቆመው ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ ስንቴ አይቷቸዋል። አንጀቱ አልቻለም፤ እንዳሉት አደረገላቸው።

ሥራው አምሮ ነበር። በልጉ ሲዘንብ ወዳጆ እንደ ልማዱ ሄዶ ከሥሩ ቆመ፤ አንዲት ጠብታ ግድግዳውን አልነካችም። በርሜሉ ሞላ። እትዬ ቦጋለች ከበርሜሉ በቅል ጨልፈው ፊታቸውን ታጠቡበትና እስከ ሰባት ቤት ድረስ መረቁት። መኳንንትም በመንገዱ ሲያልፍ አይቶት እፎይ አለ። የበልግ ዝናብ ግን ለስላሳ ነው።

ሐምሌ ሥላሴ ባለፈ በሳምንቱ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ሰማዩ ባንዴ ጠቆረና በረዶ ጣለ። መጀመሪያ ሽንብራ ሽንብራ ያክላል፤ ወዲያው ባቄላ አከለ። ገበያተኛው በየዳሱ ተሸጎጠ። ወዳጆ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን የመጋዘን ጣሪያ ያይ ነበር። በረዶው ቆርቆሮው ላይ ጥቂት ተጠራቀመ፤ ከዚያ አንድ ላይ ተንሸራቶ ዱብ አለ። ወዳጆ ደነገጠ። ይህን ዕድሜ ሁሉ ጣሪያ ላይ ሲኖር በረዶን የሚያውቀው በጓሳ ላይ ነው፤ በጓሳ ላይ በረዶ ተኝቶ ያድራል እንጂ አይንሸራተትም። ዝናብ ሲመዝን የኖረ ሰው በረዶን አልመዘነም። የእትዬ ቦጋለች ሁለት ጣሪያ በረዶውን ሁሉ አሁን ወደ አሸንዳው እያራገፈው መሆኑን፣ ያ ቀጭን ቱቦ ደግሞ በመጀመሪያው እፍኝ በረዶ እንደሚደፈን ገባው። የላሜራ መቀሱን ነጥቆ ሮጠ።

ሲደርስ ያየው ከፈራው የባሰ ነበር። አሸንዳው እስከ አፉ በረዶ ሞልቶታል፤ ቱቦው ጠብ አያደርግም። የውጭው ከንፈር ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ውሃው ወደ ውጭ መፍሰስ አልቻለም፤ ወደ ኋላ እየዞረ ሆድ ባወጣው ግድግዳ ላይ ይንዶለዶላል። ከድንጋዮቹ መሀል ቀይ ጭቃ እየተተፋ ነው። እትዬ ቦጋለች ቤት ውስጥ ሆነው የገብስ ጆንያቸውን ከግድግዳው ሥር ይጎትታሉ። ውጡ ቢላቸው እህሌን ጥዬ የት እወጣለሁ አሉት። እሱም ሁለተኛ ሳይናገር ከማድ ቤቱ ጎን የተኛውን መሰላል አቁሞ ወጣ።

ያንን አሸንዳ የሠራው በሁለት እጁ ነው። ብየዳው፣ እጥፋቱ፣ የጠርዙ ልስላሴ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያማረለት ሥራ አልነበረም። በረዶው ራሱንና ትከሻውን እየቀጠቀጠው የውጭውን ከንፈር መሀል ላይ በመቀስ ሰነጠቀው። ውሃው በኃይል ወደ ግቢው ተወረወረ። ወደ ቀኝ መሰላሉን አዙሮ ደግሞ ቀደደ፤ ወደ ግራም እንዲሁ። ላሜራው መዳፉን በልቶት ደሙ ከበረዶው ጋር ይወርድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አላወቀውም። በረዶው ሲያባራ ከግድግዳው አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ወድቋል። ግድግዳው ግን ቆሟል።

በበነጋታው መኳንንት ሚኒባሱን ባዶውን እየነዳ መጣ። ተሳፋሪ ያልጫነው ለምን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል፤ የእናቱን ዕቃ ሊጭንበት ነው። ወደ ጓሮ ዞሮ የተቀዳደደውን አሸንዳ አየ። ወዳጆ መዳፉን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ግድግዳውን በባላ እየደገፈ ነበር። ማን ቀደደው ብሎ ሲጠይቀው እኔ አለው። ቱቦው ስለጠበበ፣ ከንፈሩም ከፍ ስላለ ውሃው ወደ ግድግዳው እንደተመለሰ፣ ምንም ሳይደብቅ ነገረው።

እትዬ ቦጋለች በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ቱቦው ይጥበብ ያሉት፣ ከንፈሩ ከፍ ይበል ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ወዳጆ ግን ይህን አልተናገረም። ቢናገር ኖሮ ማንም አይፈርድበትም። እሳቸው ዝምታውን መሸከም አቃታቸውና «መኳንንት፣ እኔ ነኝ እንዲያ አድርግልኝ ብዬ...» ብለው ሲጀምሩ ወዳጆ አላስጨረሳቸውም።

«እትዬ ቦጋለች ቤታቸውን ያውቃሉ፤ አሸንዳ የማውቅ እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መኳንንት ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም እናቱ ናቸው። «ታዲያ ጋሽ ወዳጆ፣ ሁለተኛ አሸንዳ ቢሠሩስ እንዴት ልመንዎት?» አለው።

«አትመነኝ። እናትህ ለጊዜው እኔ ቤት እየሩስ ዘንድ ይቆዩ። አሸንዳውን እንደገና ሠርቼ እኔ እዚህ እገባለሁ፤ ከዚህ ግድግዳ ሥር እተኛለሁ። የሚመጣው በረዶ እኔን ያግኘኝ። ቢወድቅ በእኔ ይውደቅ፤ ከቆመ እሳቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።»

መኳንንት አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እናቱን አየ። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ከባላዎቹ አንዱን ያዘለት፤ ሲደግፉ ዋሉ። ማታ ሚኒባሱን ባዶውን እንዳመጣው ባዶውን ነዳው።

ወዳጆ በሚቀጥሉት ቀናት የቀደደውን አውርዶ ሌላ ሠራ። ስፋቱን አልነካውም። የውጭውን ከንፈር ከውስጠኛው ዝቅ አደረገው፤ ከእንግዲህ ቢሞላ እንኳ ወደ ግቢው እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም። ክንድ የሚያስገቡ ሁለት ሰፋፊ ቱቦዎች በግራና በቀኝ ገጠመ፤ አንዱ በርሜሉን ይሞላል፣ ሌላው ድንጋይ ወደተነጠፈበት ቦይ ወርዶ ውሃውን ከቤቱ ያርቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሸንዳውን ከቆርቆሮው ጠርዝ ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። ውሃ ጠርዙን ታክኮ ወደ አሸንዳው ይገባል፤ ተንደርድሮ የሚመጣው በረዶ ግን በላዩ ዘሎ ግቢው ላይ ይወድቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ የመጋዘኑን ጣሪያ ደጋግሞ በማየት ያወጣው ነው።

ከዚያ ፍራሹንና የሚለብሰውን የበግ ጠጉር ባና ተሸክሞ እትዬ ቦጋለች ቤት ገባ። ሞላሌ ወሬ አገኘች። «ወዳጆ በስተርጅና ኮበለለ» ተባለ። እየሩስ ራት ይዛለት ስትመጣ «ቆንጆዋን የት ደብቀህ ነው?» ትለው ነበር፤ ስትመለስ ግን ያንን ሆድ ያወጣ ግድግዳ ዞር ብላ ሳታይ አትሄድም።

ዝናቡ በየቀኑ ይመጣል፤ አሸንዳው ጠጥቶ በሁለቱ ቱቦ ይለቀዋል። ግድግዳው ደረቅ ነው። መኳንንት ስልክ ደውሎ ይበቃል፣ አምኛለሁ አለ። ወዳጆ ግን በዝናብ አንድ ጊዜ ተሞኝቷል፤ ቃሌ በረዶ እስኪመጣ ነው ብሎ እንቢ አለ። ችግሩ በረዶ ይምጣ ብሎ መመኘት አለመቻሉ ነው። ፍልሰታ ገብቷል፤ የአገሩ ገብስ ዛላ እያወጣ ነው፤ ገበሬው ሁሉ ከበረዶ ሰውረን እያለ ይጸልያል። ወዳጆም ከእነሱ ጋር አሜን ይላል፤ ከቅዳሴ ተመልሶ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ይላል። እትዬ ቦጋለች በሰው ቤት እየጠበቁ ነው፤ እሱም በሰው ቤት ይጠብቃል።

መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ። ወዳጆ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፤ መዳፉንም ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። አልፈራም ብሎ ማውራት ይቻል ነበር፤ ግን ፈርቶ ነበር። ከላይ በረዶው መንሸራተት ሲጀምር ጆሮውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። እትዬ ቦጋለች ባና ተከናንበው፣ በረዶው ትከሻቸው ላይ ነጭ ሆኖ ገቡ። በዚህ ጉልበታቸው ያንን ዳገት በበረዶ ወጥተውታል። ወዳጆ ከተቀመጠበት ሊነሣ ሲል በእጃቸው መለሱት፤ ባናውን አራግፈው አጠገቡ ተቀመጡና እሳቸውም ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ።

«እትዬ ቦጋለች፣ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ሰው በቤቴ ብቻውን ይሙት እንዴ?» አሉ።

ሁለቱም ያዳምጣሉ። በረዶው ከጣሪያው ተንሸራቶ ግቢው መሀል፣ ከግድግዳው ርቆ፣ ክምር ክምር እያለ ይወድቃል። በግራም በቀኝም ቱቦዎቹ ያጓራሉ። ወዳጆ መዳፉን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ያዛውራል፤ ላብ የመሰለ እርጥበት እንኳ አጣ። ቆርቆሮው ጸጥ እያለ፣ እያለ፣ በመጨረሻ ዝም አለ።

እትዬ ቦጋለች ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ግድግዳቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱ፤ በሩን ከፍተው ጓሮውን አዩ፤ ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ድምፃቸው ግን የባለቤት ድምፅ ነበር።

«በል እንግዲህ ወዳጆ፣ ፍራሽህን ጠቅልልና ውጣልኝ» አሉት። «ቤቴን ልጥረግበት።»